መወጣጫው በልክ ይሁን፦ የድሬዳዋ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ስለ አካል ጉዳተኞች ደነገገ። ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱትም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉት የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልገው ሕንፃ ሁሉም ከመጸዳጃዎቹ በቂ የሆኑት ለእነዚሁ ሰዎች ተስማሚ እንዲሆኑና እንዲደርሱባቸው አዘዘ። በቀጣዩ ዓመት ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጸደቀች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ሕንፃን፣ መንገድን፣ ትራንስፖርትንና መረጃን አንድ ላይ ይዞ ተደራሽ ይሁኑ ይላል። በ2003 ዓ.ም. የሕንፃ ደንብ ቁጥር 243 ተከተለ። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ሕግ ጎደለን ማለት አይቻልም። የጎደለው ሕጉ ከታወጀበት ጋዜጣ ወጥቶ እስከ ግንበኛው ሜትር ድረስ የሚወርድበት መንገድ ነው። አዋጁ ዓላማውን ይናገራል፤ ዓላማ ግን በሜትር አይለካም። መሐንዲሱ ወረቀት ላይ ያሰመራት አንዲት ዘንበል ያለች መስመር መግቢያ ትባላለች፣ ፕላኑም ያልፋል፤ ሕንፃው ሲቆም ግን መወጣጫው ተሽከርካሪ ወንበርን ወደ ኋላ የሚገለብጥ ሆኖ ይገኛል። በእኔ እምነት የጉዳዩ ቁልፍ ያለው ልክ ላይ ነው፦ በቁጥር የተጻፈ፣ ሕንፃው አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት በቦታው የሚለካ፣ ከሕንፃውም አልፎ ባለጉዳዩ የሚመጣበትን መንገድ የሚያካትት ልክ።

ይህን ለመፈተሽ ከድሬዳዋ የተሻለ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ነው፤ ከፍ ብላ ከተቀመጠችው ሐረር በታች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለባቡር የሚስማማ ለጥ ያለ መሬት ተመርጦ። ከዚራ ቀጥ ባሉ ሰፋፊ ጎዳናዎችና በጥላ ዛፎች የተነደፈ ሰፈር ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር በጠባብ መተላለፊያዎችና በገበያ ግርግር ይታወቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መሐንዲስ መሬቱ ዳገት ነው ብሎ ሊያመካኝ ይችላል። ድሬዳዋ ይህ ምክንያት የላትም። አስተዳደሯም ቢሆን በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የቆመና ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ፣ የራሱ ምክር ቤት ያለው ነው። የፌዴራሉ የሕንፃ ሕግ በክልል ሕግ አውጪ ሳያልፍ በቀጥታ ይሠራባታል፤ ከዚያ የጠበቀ የራሷን የልክ መስፈርት ማውጣት ብትፈልግም ምክር ቤቱ አጠገቧ ነው። ምድሩ የተመቸ፣ ሥልጣኑም በእጅ ያለ ሆኖ ሳለ አንድ ሰው ተሽከርካሪ ወንበሩን ይዞ ቢሮ በር ላይ ከቀረ፣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ልክ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በመወጣጫው ላሳይ። በብዙ አገሮች የተለመደው ገደብ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለመውጣት አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ደረጃዎች ያሉት መግቢያ 60 ሴንቲ ሜትር ይነሳል፤ ለዚህ ከፍታ የሚያስፈልገው መወጣጫ 7 ሜትር ከ20 ነው። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ንድፉ ሲወጣ ለደረጃው ሁለት ሜትር ያህል ቦታ ይተዋል፣ መወጣጫውም በኋላ ከጎኑ ይለጠፋል፣ የቀረው ቦታ ግን ሁለት ሜትር ብቻ ስለሆነ ተዳፋቱ አንድ ለሦስት ወይም ለአራት ይሆናል። እንዲህ ያለውን መወጣጫ በራሱ ክንድ የሚገፋ ሰው ሊወጣው አይችልም፤ ከኋላ የሚገፋው ረዳት ቢኖር እንኳ ሲወርድ አደጋ ነው። ከላይ በሩ ፊት ለማረፍ የሚበቃ ጠፍጣፋ ቦታ ካልተተወ ደግሞ በሩን ለመክፈት እጁን የሚያነሳ ሰው ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተትበታል። የበሩ ንጹሕ ክፍተት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ ወንበሩ አይገባም፤ መጸዳጃው ውስጥ ወንበሩ የሚዞርበት የአንድ ሜትር ተኩል ክብ ከሌለ የገባው ሰው በሩን ዘግቶ መጠቀም አይችልም። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ እንኳ ሚስጥር አይደለም፤ ሁሉንም ለመለካት አንድ ሜትርና አንድ የውኃ ልክ ይበቃል። መወጣጫ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ በአለ ሲመለስ ሁሉም ያልፋል፤ ስንት በስንት ነው የሚለው ጥያቄ ግን አያሳልፍም።

ይሁንና ሕንፃውን ብቻ መለካት አይበቃም፤ የባለጉዳዩ ጉዞ ከሕንፃው በር አይጀምርምና። ከሳቢያን ሰፈር ተነስቶ ከዚራ ወደሚገኝ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በባጃጅ ነው የሚመጣው። ባጃጅ ዝቅ ያለ ወለል ስላለውና በር ድረስ ስለሚያደርስ ለብዙ አካል ጉዳተኞች ከሚኒባስ የተሻለ ነው፤ የተከፈተ ተሽከርካሪ ወንበር ግን አይይዝም፣ ስለዚህ ሰውየው ወርዶ ወንበሩ እስኪዘረጋለት የሚቆይበት፣ ከመኪና መንገዱ የተለየ ደልዳላ ቦታ ያስፈልገዋል። ከዚያ የጎርፍ ቦዩን ይሻገራል፤ ክዳኑ ከተሰበረ ጉዞው እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ የግቢው በር አለ፦ ትልቁ በር ለመኪና ይከፈታል፣ እግረኛው ከፍ ያለ ደፍ ባላት ትንሽ በር ለፍተሻ ይገባል። ይህን ሁሉ አልፎ ሕንፃው ውስጥ ቢገባ የሚፈልገው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ የመንግሥት ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም፣ ያላቸውም ቢሆን መብራት ሲጠፋ አይሠራም። በዚህ ሰንሰለት ዘጠኙ ቀለበት ጠብቆ አሥረኛው ቢበጠስ ዘጠኙ ዋጋ የላቸውም። አንድ ተቋም መግቢያውን በልኩ ሠርቶ የአገልግሎት መስኮቱን ፎቅ ላይ ካስቀመጠ ሥራውን በከፊል እንኳ አልሠራም። መፍትሔው ሁልጊዜ ሊፍት ላይሆን ይችላል። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ መስኮቶችን ምድር ቤት አውርዶ ሒሳብ ክፍሉንና መዝገብ ቤቱን ፎቅ ላይ ማውጣት ሲሚንቶ አይጠይቅም፤ አንድ የሥራ አመራር ውሳኔ ይበቃዋል።

ስለ ተደራሽነት ሲወራ ሁሉም ሰው መወጣጫን ያስባል፤ እኔም እስካሁን እርሱኑ አወራሁ። ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎችን ግን ደረጃ መውጣቱ ብዙም አያግዳቸውም። ዓይነ ስውር ሰው የሚቸገረው በመተላለፊያው መሐል በተተከለ ምሰሶ፣ ወደ ውጭ ተከፍቶ በቀረ መስኮት፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በሚጀምር ቁልቁለት ደረጃ ነው። ለዚህ የሚውለውን ጎርበጥባጣ የመዳሰሻ ንጣፍ ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ፈልስፎት እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ፤ አሁን በዓለም ሁሉ አለ። ሆኖም ንጣፉ ቋንቋ ነው፦ ረጃጅም መስመሮቹ ቀጥል፣ ክብ ነጠብጣቦቹ ቁም ይላሉ። ቀለሙ ስላማረ ብቻ ተነጥፎ መጨረሻው የመብራት ምሰሶ ላይ ከሆነ ከባዶ መንገድ ይልቅ የከፋ ነው፤ የሚመራውን ሰው ያሳስታልና። መስማት የተሳነው ሰው ደግሞ የሚቀረው በወረፋ ላይ ነው። በሆስፒታል ካርድ ክፍል ስም በጩኸት ከተጠራ ሰውየው ተራው ደርሶ ማለፉን አያውቅም፤ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ወይም በእጅ የሚታይ ካርድ ይህን ይፈታዋል። በድሬዳዋ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ስለዚህ በአንድ ቋንቋ የተጻፈ የአቅጣጫ ምልክት ማየትና መስማት የሚችለውንም ባለጉዳይ ያሳስታል፤ በሥዕልና በጉልህ ቁጥር የተደገፈ ምልክት ግን ማንበብ የማይችለውን አዛውንት ጭምር ያገለግላል።

እነዚህ መስፈርቶች ከውጭ የመጡ ስለሆኑ ለእኛ አይሆኑም የሚል ክርክር አለ። በከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚያደርሰው መስፈርቱን ወደ መጣል ሳይሆን ወደ ማጥበቅ ነው። የዓለም አቀፎቹ ልኮች መነሻ በእጅ የሚገፋ ቀላል ተሽከርካሪ ወንበር ነው። በድሬዳዋ ጎዳና ግን በእጅ ፔዳል የሚነዳ ባለሦስት ጎማ ሳይክል የሚጠቀም ሰው አለ፤ ይህ መሣሪያ ከወንበሩ ይረዝማል፣ ሲዞርም ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ተኩል ክብ አይበቃውም። ስለዚህ የእኛ መስፈርት መግቢያው አጠገብ ሳይክሉ በጥላ ሥር የሚቆምበት ቦታና ተቋሙ ለባለጉዳዩ የሚያቀርበው ተሽከርካሪ ወንበር ሊጨምር ይገባል። ወንበርም ሳይክልም የሌለው፣ በእጁና በጉልበቱ ወለል ላይ የሚንቀሳቀስ ሰውም አለ፤ ለእርሱ የወለሉ ንጽሕናና ዝቅ ያለ የበር እጀታ ከመወጣጫው ተዳፋት እኩል ያስፈልጉታል፣ የውጭ መስፈርቶች ግን እምብዛም አያስቡትም። ከዚህ ላይ ሙቀቱ ይጨመራል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው የብረት መደገፊያ በእጅ አይያዝም፤ መደገፊያው ጥላ ባለበት ጎን ካልሆነ ወይም እንጨት ካልለበሰ ለዓይን ጌጥ ብቻ ይሆናል። ለውበት የሚነጠፈው የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አሸዋ ሲነሰነስበት ለምርኩዝ ተጠቃሚ እጅግ ያንሸራትታል። ከፀሐይ በታች የሚደረግ ረጅም ወረፋ የጤና እክል ላለበት ሰው ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው፤ በዚህ ከተማ ጥላና መቀመጫ ያለው መጠበቂያ ከመወጣጫው ተለይቶ ሊታይ አይገባም። የአገሬውን ሁኔታ የሚያውቅ መስፈርት ማለት ይህ ነው። የአገራችን ሁኔታ አይፈቅድም የሚለው ንግግር ግን አንዱንም ሳይለካ የሚቀርብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የድሬዳዋ ክርክር ጎርፍ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በዚህች ከተማ የሚገነባ ሰው የሕንፃውን ወለል ከፍ አድርጎ ቢያነሳ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ወለል ከፍ ሲል ደግሞ ደረጃው ይበዛል፤ እናም ሁለት የሕይወት ጥያቄዎች የተጋጩ ይመስላሉ። ግጭቱ ግን የሚፈታው በንድፍ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር የተነሳ ወለል በአንድ ለአሥራ ሁለት 10 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው መወጣጫ ይፈልጋል፤ መሐል ላይ ማረፊያ ተደርጎለት በግቢው ግድግዳ ተጠግቶ ቢታጠፍ ወይም የግቢው አፈር ራሱ ከበሩ ጀምሮ ቀስ በቀስ ተሞልቶ ቢነሳ፣ ደረጃ የሚባል ነገር ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ሐሳቡ ከቦታ ፕላኑ ጋር አብሮ ሲነሳ ነው። በተጨማሪም ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚቀረው መሮጥ የማይችለው ሰው ነው፤ ስለ ጎርፍ አጥብቆ የሚያስብ ከተማ ስለ መወጣጫም አጥብቆ ማሰብ አለበት። ከፍ ያለ ሕንፃ መጠጊያ ሊሆን የሚችለው ሁሉም ሲገባበት ነው።

ገንዘብ የለም የሚለው ክርክር ከሁሉ ይደጋገማል፣ ከሁሉም ይልቅ በቀላሉ ይፈርሳል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የአካል ጉዳተኝነት ሪፖርት መሠረት፣ ተደራሽነት ከንድፍ ጀምሮ ከታሰበበት ተጨማሪ ወጪው ከሕንፃው ጠቅላላ ዋጋ 1 በመቶ ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ውድ የሚሆነው ያለቀውን አፍርሶ ማስተካከል ነው። ስለዚህ ድሃ ከተማ ነን የሚለው ሰው በመጀመሪያው ቀን በልክ እንዲሠራ ከማንም በላይ መከራከር ነበረበት፤ ሁለት ጊዜ መሥራት የሚችለው ሀብታም ነውና።

ቁጥራቸው ጥቂት ነው የሚለውን ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም፣ የመንግሥት ቁጥር ይደግፈዋልና። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ አገሪቱ 805,492 አካል ጉዳተኞችን መዘገበ፤ ከመቶ አንድ ብቻ ማለት ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2011 ሪፖርት ደግሞ የኢትዮጵያን ድርሻ 17.6 በመቶ ያደርሰዋል። የሁለቱ ልዩነት የሚመጣው ከአጠያየቅ ነው፦ በቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ ብሎ መጠየቅና ደረጃ ለመውጣት፣ ለማየት ወይም ለመስማት ትቸገራላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ አንድ ዓይነት መልስ አያመጡም፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ ቤተሰብ ልጁን ሊደብቅም ይችላል። ለሕንፃ መስፈርት የሚጠቅመው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። በዚያው ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834 ነዋሪ ነበራት፤ አነስተኛውን መቶኛ እንኳ ብንወስድ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ነው፣ ትልቁን ከወሰድን ስድሳ ሺህ ይደርሳል። ቢሮ ውስጥ አናያቸውም የሚለው ምስክርነት ደግሞ በራሱ ላይ የሚመሰክር ነው፤ መግባት ያልቻለ ሰው ውስጥ አይታይም። በተጨማሪም መወጣጫውን የሚጠቀመው አካል ጉዳተኛ ብቻ አይደለም፦ ነፍሰ ጡሯ፣ ጉልበቱ የደከመው አዛውንት፣ በሽተኛ በቃሬዛ የያዙ ሰዎች፣ ከቀፊራ ገበያ ዕቃ ጭነው የሚመለሱ እናቶች ሁሉ ሰፊ በርና ዝቅ ያለ ደፍ ይፈልጋሉ።

አንድ ክርክር ግን ከመጽሐፍ አይመጣም፣ ከልብ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። በእኛ አገር ሰው ሰውን አይጥልም፣ ዘበኛውም ባለጉዳዩም ተረባርቦ ተሸክሞ ያወጣል፣ ስለዚህ ነገሩ እንደ ፈረንጁ አገር አያሳስብም ይባላል። ድሬዳዋ ደግሞ በፍቅርና በመተጋገዝ የምትጠራ ከተማ ናት፤ ይህን በጎነት ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ቢሆንም የሚሸከሙትን ሰው ማንም አይጠይቀውም። በማታውቃቸው ወንዶች ክንድ ወደ ሁለተኛ ፎቅ የምትወጣ ሴት ምን እንደሚሰማት፣ በጀርባው ጉዳት ያለበት ሰው በዚያ አነሳስ ምን ሊደርስበት እንደሚችል፣ በየወሩ ለሚፈርመው ወረቀት በየወሩ ዘበኛ የሚለምን ሰው ስንተኛው ወር ላይ እንደሚተው ማሰብ ያስፈልጋል። የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ በችሎታው ተወዳድሮ የመቀጠር መብት እንዳለው ይናገራል፣ አሠሪውም የሥራ ቦታውን የማመቻቸት ኃላፊነት አለበት። ለአንድ ጉዳይ የመጣን ሰው መሸከም ይቻል ይሆናል፤ በየቀኑ አራት ጊዜ ለሥራ የሚወጣና የሚወርድ ሠራተኛን ግን ማን ይሸከመዋል? መጸዳጃስ? የሰው ደግነት ሰው ባለበት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ነው፣ መወጣጫው ግን ዘበኛው ምሳ ሲወጣም እዚያው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲሰጥ ግዴታ የጣለበት፣ ነገሩ ለአላፊ አግዳሚው ርኅራኄ እንዳይተው ነው።

ነባር ሕንፃዎችን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም። በከዚራ ያሉት የባቡር ዘመን ቤቶች የከተማዋ ቅርስ ናቸው፤ ገጽታቸውን ሳይነኩ በጎን በር የሚቀመጥና የሚነሳ የእንጨት ወይም የብረት መወጣጫ ማድረግ ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማብራሪያም ይህን ልዩነት አስቀምጧል፦ ነባሩ ደረጃ በደረጃ ይስተካከል፣ አዲስ የሚሠራው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለሁሉም ይሁን። በፍጥነት እያደገች ባለች ከተማ ትልቁ ድርሻ ያለው አዲሱ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ድሬዳዋም ስለ ደረሰ የእግረኛ መንገዶቿ ጭምር እንደገና እየተሠሩ ነው። የእግረኛ መንገዱ ከፍታና የሕንፃው መግቢያ ከፍታ በአንድ ጊዜ ሊስማሙ የሚችሉበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየዓመቱ አይመጣም። መንገዱን የሚሠራው አካልና ሕንፃውን የሚፈቅደው አካል በአንድ የከፍታ ካርታ ካልሠሩ ግን አዲሱ መንገድ ከአዲሱ በር ፊት አዲስ ደረጃ ይፈጥራል።

ሥራው የሚያዝባቸው ሦስት በሮች በሕጉ ውስጥ አሉ፦ የፕላን ስምምነት፣ የግንባታ ፈቃድና የመጠቀሚያ ፈቃድ። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባል፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኝም አገልግሎት መጀመር የለበትም። እስካሁን ተደራሽነት የሚታየው፣ ከታየም፣ በመጀመሪያው በር ላይ በወረቀት ነው። እኔ የምለው የመጨረሻው በር ላይ እንዲታይ ነው። የሕንፃ ሹሙ የመጠቀሚያ ፈቃዱን ከመፈረሙ በፊት አንድ ገጽ ቅጽ ይሞላል፤ የመወጣጫው ርዝመትና ከፍታ፣ የበሩ ክፍተት፣ የመጸዳጃው ስፋት፣ ከባጃጅ መውረጃው እስከ አገልግሎት መስኮቱ ያለው መንገድ ስንት ቦታ እንደሚቋረጥ በቁጥር ይጻፍበታል። ከከተማዋ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት የሚወከሉ፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ፣ አንድ ዓይነ ስውርና አንድ መስማት የተሳነው ሰው ያንኑ መንገድ ራሳቸው ሄደውበት ከሹሙ ጎን ይፈርማሉ፤ ለጊዜያቸውም ይከፈላቸዋል፣ ይህ የባለሙያ ሥራ ነውና። ቅጹም በሕንፃው መግቢያ ላይ ለሕዝብ ይለጠፋል። የአስተዳደሩ ምክር ቤት ይህን በአንድ የሥራ ዘመን ሊያወጣው ይችላል፤ ልኩ ያልተሟላለት ሕንፃ እስኪስተካከል ድረስ የመጠቀሚያ ፈቃድ አያገኝም፣ ባለቤቱ መንግሥት ራሱ ቢሆንም።